ከረጅም ቁልቁለት በፊት፦ የቸርኬ ሽፋንና የፍሬን ሙቀት መፈተሻ መመሪያ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቤት መኪና ቆማ፣ የፊት ጎማዋ የተቃጠለ ሽታ ሲያወጣ፣ አሽከርካሪውም ወገቡን ይዞ ሲመለከታት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። አንዱ የፍሬን ሸራው ርካሽ ነው ይላል፤ ሌላው የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጎማው ላይ የተገጠመውን የፕላስቲክ ሽፋን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ያፈነው ይህ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሦስቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ሦስተኛው ሰው ግን ወይ ከሚገባው በላይ ይታመናል፣ ወይ ጨርሶ ይናቃል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ጤነኛ ፍሬን በሽፋን ምክንያት ብቻ አይቃጠልም። ሽፋኑ የሚቀንሰው ትርፍ አቅሙን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ያ ትርፍ ቢቀንስ ምንም አይታወቀውም። ዓባይን፣ ሊማሊሞን፣ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ወይም ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚጥለውን መንገድ ለሚወርድ ሰው ግን ያለው ዋስትና ያ ትርፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ሽፋኑን እንፈትሻለን፤ በመጨረሻም ጥርጣሬውን በመለኪያ እንፈታዋለን።

ሙቀቱ ከየት መጥቶ የት ይሄዳል?

ይህን ክፍል መዝለል ይቻላል፤ ባይዘለል ግን ደስ ይለኛል፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና።

ሰውና ሻንጣ ጭና 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ኃይል 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይጠፋ ለአንድ ሰዓት ቢጣድ የሚፈጀውን ያህል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን የጎማው ልፋትና ነፋሱ ይወስዳሉ፤ ማርሽ በሚገባ ከተያዘ ሞተሩም ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። የተረፈው በሙሉ ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይወድቃል። አሽከርካሪው በዜሮ ማርሽ ከወረደ ደግሞ «የተረፈው» የሚባለው አብዛኛው ነው።

ያ ሙቀት ሁሉ የሚያርፍበት ብረት ብዙ አይደለም። በትንሽ የቤት መኪና ላይ የፍሬን ዲስኮቹና ታምቡሮቹ (ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩት፣ ሸራው የሚይዛቸው ብረቶች) አንድ ላይ ቢመዘኑ 20 ኪሎ ግራም አካባቢ ናቸው እንበል። 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በዚህ ብረት ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይወጣ ቢቀር ሙቀቱ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር፤ የዲስክ ብረት የሚቀልጠው በዚሁ አካባቢ ነው። ይህ የማይሆነው መኪናዋ እየወረደች ሙቀቷን ለአየር ስለምታስረክብ ነው። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ ወሳኙ ነገር ምን ያህል ሙቀት ተፈጠረ ብቻ ሳይሆን ምን ያህሉ በመንገድ ላይ ወጣ የሚለው ነው። ሽፋን ወደ ጨዋታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምጣዱ ላይ አክንባሎ እንደመድፋት።

አየሩ እንዴት ይዘዋወራል? ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች የፊት ዲስክ ሁለት ገጽ ሆኖ በመካከሉ ክፍት ቦዮች አሉት። ሲሽከረከር ከመካከል አየር እየሳበ በጠርዙ ይወረውራል። የተወረወረው ትኩስ አየር ከፊሉ ወደ መኪናው ሆድ ይመለሳል፤ ከፊሉ በቸርኬው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣል። ውጭውን በድፍን ሽፋን ከዘጉት ትኩሱ አየር እዚያው ይዞራል፤ ዲስኩም የሚታጠበው ቀድሞ በሞቀ አየር ይሆናል። በዚህ ላይ የእኛ አገር ደጋ የራሱ ጣጣ አለው፦ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ በእኩል ፍጥነት የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። የቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ከታች ደግሞ ወፍራም ቢሆንም በረሃ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጎማ ላይ ምን ፍሬን እንዳለ ይወቁ

በከተማችን የሞሉት ትናንሽ ቶዮታዎች በአመዛኙ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር አላቸው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሸጋገር ከሥራው ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው። ስለዚህ ስለ ሽፋን ስናወራ በዋናነት የምናወራው ስለ ፊት ጎማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አራቱንም አውልቆ መኪናውን ያራቁታል፤ የሚያውቅ ሁለቱን አውልቆ ይወርዳል።

ታምቡር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀቱም ከውስጥ ቶሎ አይወጣም። ከኋላ ብዙ ጭነት የሚጭን ሰው የኋላውን ችላ ማለት የለበትም።

ደረጃ 2፦ ሽፋኖቹን አውልቀው ያንብቡ

አዎ፣ ያንብቡ። ሽፋን የፍሬን ታሪክ ይይዛል። መኪናው በደንብ ሲቀዘቅዝ አራቱንም አውልቀው በተርታ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ የቱ ከየት ጎማ እንደወጣም ምልክት ያድርጉ።

ውስጡ በጥቁር ብናኝ መሸፈኑ ምንም ማለት አይደለም፤ የሸራ ብናኝ ነው፤ ታጥቦ ይለቃል። ሲታጠብ የማይለቅ ቡናማ ቀለም፣ የተጣመመ ጠርዝ፣ የለሰለሰና የተንጋደደ መያዣ ጥርስ ካዩ ግን ያ የሙቀት ምስክር ነው። አብዛኞቹ ሽፋኖች ኤ.ቢ.ኤስ. ከሚባለው ፕላስቲክ (ከፍሬኑ ኤ.ቢ.ኤስ. ጋር ሞክሼ ብቻ ነው) ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ሁለተኛው 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ሽፋኑ ከዲስኩ ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ከለሰለሰ ዲስኩ ከዚያ እጅግ በላይ ሞቆ ነበር ማለት ነው።

አሁን አራቱን ያወዳድሩ። ሁለቱም የፊት ሽፋኖች በእኩል ከተጎዱ ምክንያቱ አነዳድ፣ ቁልቁለት ወይም ሽፋኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከተጎዳ ግን ሽፋኑን አይክሰሱ፤ የዚያ ጎማ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) ሳይጣበቅ አይቀርም። አዲስ ሽፋን ገዝቶ መግጠም የሚሞት ሰው ላይ አዲስ ሸሚዝ ማልበስ ስለሆነ ወደ መካኒክ ይሂዱ።

ቀጥሎ የሽፋኑን ክፍተት ይመልከቱ። ሽፋኑን ወደ ፀሐይ አንሥተው በውስጡ ብርሃን ሲያልፍ ማየት ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አይበቃም። ትልቁ ጥያቄ የሽፋኑ ቀዳዳና የብረት ቸርኬው ቀዳዳ ይገጣጠማሉ ወይ የሚለው ነው። ከገበያ በመጠን ብቻ ተመርጠው የሚገዙ ሽፋኖች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ጉድለት ይህ ነው፦ ሽፋኑ አምስት ሰፋፊ ክፍተቶች አሉት፤ ከኋላቸው ያለው ግን የቸርኬው ድፍን ብረት ነው። ያምራል፤ አየር ግን አያሳልፍም። ሽፋኑን በቸርኬው ላይ አስጠግተው በባትሪ መብራት ከኋላ ቢያበሩ ወዲያው ይታያል። ከፋብሪካው ከመኪናው ጋር የመጣ ሽፋን ከዚህ ችግር በአብዛኛው ነጻ ነው፤ ከፍሬኑ ጋር አብሮ ተሞክሯልና።

ሽፋን ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፖርሽ 935 የተባለው የውድድር መኪና ጎማው ላይ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ሽፋን ነበረው፤ ጎማው ሲሽከረከር ትኩሱን አየር ከፍሬኑ ስቦ ያወጣ ነበር። በፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2022 ሁሉም መኪኖች የቸርኬ ሽፋን እንዲኖራቸው ሕጉ ሲያስገድድ፣ መሐንዲሶቹ ለፍሬኑ አየር የተለየ መግቢያና መውጫ አበጁለት። ጥያቄው ሽፋን አለ ወይስ የለም አይደለም፤ አየሩ መውጫ አለው ወይስ የለውም ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ ድፍን ሽፋን መውጫውን ሲዘጋ ሌላ መውጫ አላበጀም።

ደረጃ 3፦ ከሽፋኑ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥርም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ነው። ዘይት ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ ትነት ይፈጠራል፤ ትነት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተቀየረ ዘይት ይዞ ዓባይን መውረድና ስለ ፕላስቲክ ሽፋን መጨነቅ ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። ሲቀይሩ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ዘይት ከዶት 3ም ከዶት 4ም ጋር አይደባለቅም።

ሸራውን መካኒክ ውፍረቱን ይለካ፤ ያለቀ ሸራ ሙቀቱን ሳይከላከል ወደ ካሊፐሩና ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። የእጅ ፍሬኑ በደንብ መልቀቁን ያረጋግጡ።

የተጣበቀ ካሊፐርን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ በሜዳ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይንዱ፤ በማርሽ እያበረዱ ያቁሙ። እጅዎን ቸርኬው አጠገብ ያስጠጉ፤ አይንኩ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሙቀት የሚተነፍስ ከሆነ ችግሩን አገኙት።

ደረጃ 4፦ ጎን ለጎን ይለኩ

ክርክር የሚቆመው በመለኪያ ነው። የሚያስፈልገው በርቀት ሙቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው፤ ቢያንስ እስከ 500 ዲግሪ የሚያነብ ይሁን። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው አይሆንም፤ እሱ የሰው ትኩሳት አልፎ ምንም አያውቅም። ወፍራም የቆዳ ጓንትና ሁለት ድጋፍ የሚሆኑ ድንጋዮች ወይም እንጨቶችም ይያዙ።

ለሙከራው በረሃ መውረድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላሉ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ይበቃል። ማለዳ መኪና ሲቀንስ ይሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ግን ሯጮች መንገዱ ላይ ስላሉ ፍጥነትዎን ለእነሱም ያስቡ።

የግራውን የፊት ሽፋን ይተዉ፤ የቀኙን ያውልቁ። ማርሽና ፍጥነት ወስነው፣ ለምሳሌ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከል፣ ቁልቁለቱን እንደተለመደው ይውረዱ። ከታች ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመው ጎማውን ያስደግፉ፤ ወዲያው በጓንት ሽፋኑን ያውልቁና ሁለቱንም ዲስኮች በየተራ ይለኩ። ከቆሙ በኋላ ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ካሊፐሩ ስለሚሰደድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱ።

ቴርሞሜትሩ የት ይነጣጠር? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሸራው የሚነካው የዲስክ ገጽ እንደ መስተዋት ስለሚያበራ መለኪያው ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል። ሸራው የማይደርስበትን ዝገት የያዘ የዲስክ ጠርዝ ያግኙና እዚያ ላይ ይለኩ፤ ዝገት ሙቀቱን በታማኝነት ይናገራል። ሁለቱም ዲስኮች ላይ ያው ቦታ፣ ያው ርቀት ይሁን።

ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይውጡና ሽፋኑን ቦታ ይቀይሩ፦ አሁን ቀኙ ይሸፈን፣ ግራው ይከፈት። ያንኑ መንገድ በያው አነዳድ ይድገሙ። ይህን ሁለተኛ ዙር የሚተው ሰው ከሙከራው ምንም አላተረፈም፤ ምክንያቱም ግራና ቀኝ ፍሬን ከመጀመሪያውም እኩል ላይሠሩ ይችላሉ።

በሁለቱም ዙር የሞቀው የተሸፈነው ከሆነ ሽፋኑ ጥፋተኛ ነው። ሽፋኑ ቦታ ቢቀይርም የሞቀው ያው ጎን ከሆነ ሽፋኑ ነጻ ነው፤ ካሊፐሩን ያስፈትሹ። ልዩነቱ 10 ወይም 15 ዲግሪ ብቻ ከሆነ እኔ እንቅልፍ አላጣም፤ የመለኪያው ስሕተት ራሱ ከዚያ አይርቅም። ከ50 ዲግሪ ከበለጠ ግን በአጭር ቁልቁለት ይህን ያደረገ ሽፋን በረጅሙ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም፤ ያንን ሽፋን ይዤ ረጅም ቁልቁለት አልወርድም።

ቁጥሮቹን በምን ሚዛን ልያቸው ቢሉ፦ በከተማ አነዳድ ዲስክ ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ቢሞቅ ተራ ነገር ነው። ከ300 ካለፈ በኋላ ተራ ሸራ መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ከ400 በላይ የቤት መኪና ፍሬን የሚቆይበት ቦታ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ይወስኑ

ከተማ ብቻ ለሚነዱና ፍሬናቸው ጤነኛ ለሆነ ሰዎች ሽፋኑ ባለበት ይቆይ። አልፎ አልፎ ረጅም ቁልቁለት የሚወርዱ የፊቶቹን ሁለት አውልቀው ሻንጣ ውስጥ ያኑሩ፤ ሥራው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። በሳምንት በሳምንት ደጀን የሚመላለስ ሰው ግን ድፍኑን ጨርሶ ይተወው፤ ወይም ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር የሚገጥም ይግዛ።

ሽፋኑን በጋለ ብረት መብሳት አልመክርም። የተበሳ ፕላስቲክ በጉድጓድ ላይ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ተሰንጥቆ የሚወድቀውም እግረኛ በሚሄድበት በኩል ነው።

ደረጃ 6፦ ቁልቁለቱ ላይ

የወጡበትን ማርሽ ለመውረድ ይጠቀሙ የሚለው የድሮ አሽከርካሪዎች ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይያዝ። አውቶማቲክ መኪና ላይ «ኤል»፣ «ኤስ»፣ «ቢ» ወይም «2» የሚል ቦታ አለ፤ ጌጥ አይደለም፤ ለዚህ የተሠራ ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ሰዎች ላይ ትዕግሥቴ አጭር ነው። የዛሬ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳል ሲለቀቅ ኮምፒውተሩ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ያቋርጣል፤ በዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። ማለትም በዜሮ የሚወርደው ሰው ነዳጅም ፍሬንም ያባክናል።

ፍሬንን እግር አሳርፎ መውረድ ይቅር። ፍጥነቱ ከወሰኑት ሲያልፍ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ ዝቅ ሲል ጨርሰው ይልቀቁ። የሚፈጠረው ጠቅላላ ሙቀት ብዙም አይለያይም፤ ግን በመካከሉ ሸራው ከዲስኩ ይላቀቃል፣ አየር ይገባል፣ ፔዳሉም በእያንዳንዱ ርግጫ ስለ ጤንነቱ ይነግርዎታል።

ደረጃ 7፦ ሞቋል፤ አሁንስ?

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን እንደ ወትሮው የማይቆም ከሆነ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ፈልቷል፤ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡ፣ ማርሹን በደረጃ ወደ ታች ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬንን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሳቡ፤ ምርጫ ከጠፋ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ያስጠጉ።

ገና ሽታ ብቻ ከሆነና ፔዳሉ ደህና ከሆነ፣ ደልዳላ መንገድ በቅርብ ካለ በዝግታ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ደቂቃዎች መንዳት ከመቆም ይሻላል፤ የሚሄድ መኪና አየር ያገኛል። መቆም ግድ ከሆነ የፍሬን ፔዳል ረግጠው አይጠብቁ፤ በማርሽ አቁመው ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ። የጋለ ዲስክ ላይ የተያዘ የእጅ ፍሬን ብረቱ ሲቀዘቅዝና ሲሸማቀቅ ሊላላ ይችላልና በእሱ ብቻ አይተማመኑ። ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገዱ ያንሡ። በሌሊት ለሚመጣው ሰው እዚያ የተተወ ድንጋይ ከጋለ ፍሬን አያንስም።

ውኃ አይድፉ። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሽፋኑንም በባዶ እጅ አይንኩ።

በኤሌክትሪክ ለሚሄዱ መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መንገዳችን ላይ ድፍን መሰል ቸርኬ ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ድፍን የሆኑት ነፋሱን ቆርጠው የባትሪውን ርቀት ለማስረዘም ነው፤ ፍሬኑ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ ለሞተሩ ስለሚያስተላልፍ ብዙ አይሞቅም። እስኪሞቅ ድረስ ማለት ነው። ሞተሩ መኪናውን እያበረደ የሚያመነጨውን ኃይል የሚያስቀምጠው ባትሪ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ማስቀመጫ የለም፤ ሸክሙ ሁሉ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ከባድ ናቸው፦ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይለቃል።

ስለዚህ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ሌሊቱን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁለት አይጀምር። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከሆነ ለ1,000 ሜትር መውረጃ ቢያንስ 10 በመቶ ባዶ ይተው፤ ለዓባይ 15 በመቶ ቢሆን ይሻላል። ተነቃይ የፕላስቲክ ሽፋን ካለው ለዚያ ጉዞ ያውልቀው።

ደረጃ 8፦ ሽፋኑን ሲመልሱ

ከመመለስዎ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን ሁሉ በመፍቻ ያጥብቁ፤ ሽፋን የላላ ዳዶ ይደብቃል። የነፋስ መሙያዋ ቫልቭ በሽፋኑ ቀዳዳ መካከል ሳትነካ መውጣቷን ይዩ፤ ሽፋን ሲጫናት ቀስ በቀስ ነፋስ ትለቃለች፤ ጎሚስታውም ቀዳዳ ፈልጎ ያጣል። ሽፋኑ እንዳይወድቅ ወይም እንዳይሰረቅ በፕላስቲክ ማሰሪያ ካሰሩት ማሰሪያው ቫልቩን እንዳይነካ በሌላ በኩል ይሁን፤ የሚቆርጡበትንም ነገር መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ዙሪያውን በመዳፍ መታ መታ እያደረጉ ያስገቡት፤ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው መያዙን እንደገና ይመልከቱ።